እኔ ልያቸው፣ እነሱ አይዩኝ፦ ባለ አንድ መንገድ ብርሃን እውነት አለ?

ምድር ቤት ነዋሪ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ መንደር። ጥያቄዬ ከመስኮቴ ይጀምርና ፊዚክስ ውስጥ ይገባል፤ ታገሱኝ።

ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው የምኖረው። መስኮቴ የሰው መተላለፊያ ላይ ነው። መጋረጃ ስዘጋ ቤቱ ይጨልማል። ስከፍት ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ገብቶ አብሮኝ ቡና ሊጠጣ ምንም አይቀረውም። በመጨረሻ መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ የሚያንጸባርቅ ስቲከር ገዛሁ። ሻጩ «አንቺ ታያለሽ፣ እነሱ አያዩሽም» ብሎ ማለልኝ።

ቀን ቀን እውነቱን ነው። እንዲያውም ሰው እየቆመ ጸጉሩን ያበጥርብኛል። አንዱ ጥርሱን ሲፈትሽ እኔ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ምሳ እየበላሁ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የጎረቤቴ ልጅ «እቴቴ፣ ማታ ማታ ብቻሽን ትደንሻለሽ አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ እደንሳለሁ። ግን እሷ እንዴት አወቀች?

ሁለት ጥያቄ፦ ተበልቻለሁ ወይ? ደግሞ ሰሞኑን ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ፣ ብርሃንን ከአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ናኖ ነገር ተሠራ የሚል አነበብኩ። እሱ እውነት ከሆነ መቼ ነው መስኮቴ ላይ የሚለጠፈው?

—

መስታወት ገጣሚው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

እህቴ፣ አልተበላሽም። ዕቃው ያ ነው። ምናልባት ገልብጠው ለጥፈውልሽ ይሆናል። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ውጭ ነው መሆን ያለበት። እኔ ስንት ሕንፃ አልብሻለሁ፣ ቅሬታ አልሰማሁም።

—

ጡረተኛው መምህር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ገጣሚው ልጄ፣ ቅሬታ ያልሰማኸው ሕንፃዎቹ ቢሮ ስለሆኑ ነው። ማታ ማንም የለባቸውማ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ስቲከሩ የደረሰበትን ብርሃን 15 በመቶ ያሳልፋል፣ 60 በመቶ ይመልሳል እንበል። ቀሪውን ራሱ ይውጠዋል። ይህ ከውስጥም ከውጭም ያው ነው እንበል። ቀን ውጭ ጥላ ላይ 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ክፍሏ ውስጥ 200 ሉክስ ብርሃን ቢኖር፣ ውጭ የቆመው ሰው ዓይን ዘንድ ከራሱ ወገን ተንጸባርቆ 6,000፣ ከክፍሏ ደግሞ 30 ብቻ ይደርሰዋል። ሠላሳዋ በስድስት ሺው ውስጥ ሰጥማ ትቀራለች። ስለዚህ ጸጉሩን ያበጥራል። እሷ ዘንድ ደግሞ ከውጭ 1,500 ይገባል፣ ከራሷ ክፍል የሚንጸባረቀው 120 ነው። ጥርት አድርጋ ታየዋለች።

አሁን ይምሽ። መንገዱ ላይ 10 ሉክስ አለ፣ ክፍሏ ያው 200 ነው። ለመንገደኛው ከክፍሏ 30 ይወጣለታል፣ ከራሱ ወገን የሚንጸባረቀው 6 ብቻ ነው። ዳንሱን በደንብ ያያል። እሷ ግን ከውጭ 1.5 ብቻ ይደርሳታል፣ የራሷ ነጸብራቅ 120 ነው። ራሷን እያየች ትደንሳለች ማለት ነው።

ስቲከሩ ቀንም ማታም አንድ ዓይነት ነው፤ የተቀያየረው መብራቱ ነው። ባለ አንድ መንገድ የሚባለው ዕቃ አቅጣጫ አያውቅም። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠውን ይደብቃል፣ በቃ።

—

ምድር ቤት ነዋሪ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡11

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩን ልረግመው ነበር፣ ተውኩት። ግን «ራሷን እያየች ትደንሳለች» የምትለዋን ባይጽፏት ደስ ይለኝ ነበር 😅

—

ቶማስ ካላየሁ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ቆይ ቆይ። ታዲያ በር ላይ የሚገጠመው ትንሿ ማያ ቀዳዳስ? እኔ ውስጥ ሆኜ ያንኳኳውን ሰው ከነጫማው አየዋለሁ። እሱ ዓይኑን ቢለጥፍም ምንም አያይም። ቀንም ማታም። ይኸው ባለ አንድ መንገድ!

—

ናኖ ተማሪ፣ ከጀርመን — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ቶማስ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምማረው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነገር ስለሆነ ገባ ልበል።

የበሩ ቀዳዳ ሌንስ ነው። ከሰፊ ቦታ የመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ አንድ ዓይን ያመጣል። ከውጭ ሲያዩበት ደግሞ የክፍሉን ብርሃን ይበትነዋል። ግን ጨረሩ አልታገደም፣ ተዘበራረቀ እንጂ። ማስረጃ ልስጥህ፦ ከውጭ በኩል ቀዳዳው ላይ ተደግፎ ያንን መዘበራረቅ መልሶ የሚያቃና ሌላ ሌንስ አለ። ይሸጣል፣ ፖሊሶችም ይጠቀሙበታል። እሱን ይዞ የመጣ ሰው ከነጫማህ ያይሃል።

ሕጉ ይኸው ነው፦ አንድ ጨረር ከእኔ ወደ አንተ የሚሄድበት መንገድ ካለ፣ በዚያው መንገድ ከአንተ ወደ እኔም መመለስ ይችላል። ሎሬንትዝ የሚባለው የኔዘርላንድ ፊዚክስ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሒሳብ ያስቀመጠው ነገር ነው። ሬሲፕሮሲቲ ይሉታል። እኔ ለራሴ «ካየሁህ ታየኛለህ» ብዬ ነው የያዝኩት። ተራ መስታወት፣ ስቲከር፣ ሌንስ፣ ፕሪዝም፣ ሁሉም እዚህ ሕግ ሥር ናቸው። ቅርጹን ምንም ያህል ብታወሳስበው፣ ናኖ አድርገህ ብትቀርጸውም፣ ቅርጽ ብቻውን ከሕጉ አያስወጣም።

—

ቶማስ ካላየሁ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡51

እሺ ነጠላስ? እናቴ ፀሐይ ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርግና ሁሉን ታያለች። እኔ ግን ፊቷን አላየውም።

—

ጡረተኛው መምህር — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ነጠላው ዓይኗ አጠገብ ነው፤ ክሩ ስለሚደበዝዝባት በክፍተቱ ታያለች። ለአንተ ደግሞ ፀሐይ ያረፈችበት ነጭ ክር ያበራብሃል፣ ከኋላው ያለው ፊት ጥላ ነው። እዚያም የሠራው የመብራት ልዩነት ነው። እናትህን ጥላ ውስጥ አስቀምጣትና ከኋላዋ መብራት አብራ፤ ታያታለህ።

—

ፋይበር ጎታች — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

እኔ የፋይበር መስመር ላይ ነው የምሠራው። እና «የለም» ማለት ከበዳችሁ እንጂ እኛ ጋ ባለ አንድ መንገድ አለ። የሌዘሩ ሳጥን ውስጥ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ነገር ይቀመጣል። ብርሃን ተመልሶ ሌዘሩ ውስጥ ከገባ ሌዘሩ ይረበሻል፣ ሲግናሉ ይበላሻል። ለዚህ ነው የሚገባው። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ቀስቱን አይተህ ግጠም ነው የሚባለው። ገልብጠህ ከገጠምከው ምንም አይወጣም። ጋሼ፣ ይሄስ?

ሌላው፣ አረንጓዴው ኮኔክተር ጫፉ 8 ዲግሪ ተዘንብሎ የተቆረጠ ነው፣ መልስ እንዳይኖር። እሱም ባለ አንድ መንገድ ነው ይባላል?

—

ናኖ ተማሪ፣ ከጀርመን — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

ወንድሜ፣ አንተ ነህ ዋናውን ነገር ያመጣኸው።

መጀመሪያ አረንጓዴው። እሱ ባለ አንድ መንገድ አይደለም። ከጫፉ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ወደ ጎን ይጥለዋል፣ በፋይበሩ እንዳይመለስ። ከወዲያ በኩል ብርሃን ብትልክበት ግን ሰተት ብሎ ያልፋል።

አይሶሌተሩ ግን እውነተኛው ነው። ሚስጥሩ ማግኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ፋራዳይ የሚባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ማግኔት መሃል በተቀመጠ ከባድ ብርጭቆ ብርሃን ሲያሳልፍ፣ የሞገዱ የመወዛወዣ አቅጣጫ ሲዞር አየ። በ1885 ደግሞ ራሌይ የሚባለው ሌላው የእንግሊዝ ፊዚክስ ሰው «በዚህ እኮ ብርሃንን ባለ አንድ መንገድ ማድረግ ይቻላል» ብሎ ጻፈ።

አሠራሩን እንዲህ አስበው። ፖላራይዘር እንደ እንጨት አጥር ነው። በእንጨቶቹ መሃል ገመድ አሳልፈህ ሽቅብ ቁልቁል ብታወዛውዘው ሞገዱ ያልፋል፤ ወደ ጎን ብታወዛውዘው እንጨቱ ላይ ይቀራል። አይሶሌተር ውስጥ ሁለት አጥር አለ። የመጀመሪያው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሁለተኛው 45 ዲግሪ ያዘነበለ። በመሃላቸው ማግኔት የታቀፈ ክሪስታል አለ። ብርሃኑ በመጀመሪያው ያልፋል፣ ክሪስታሉ 45 ዲግሪ ያዞረዋል፣ ሁለተኛውን አጥር ልክ ሆኖ ያልፋል። ሲመለስስ? ክሪስታሉ ወደነበረበት አይመልሰውም። በዚያው አቅጣጫ ሌላ 45 ይጨምርለታል። 90 ዲግሪ ሆኖ የመጀመሪያው አጥር ላይ ይቀራል። በአይሶሌተር ላይ የምትሰማው «30 ዲቢ» (ዴሲቤል) ከሺህ አንዱ ብቻ ይመለሳል ማለት ነው።

—

ምድር ቤት ነዋሪ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

ለምንድነው ሲመለስ የሚጨምረው? የዞረ ነገር ሲመለስ መፈታት የለበትም?

—

ጡረተኛው መምህር — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡10

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ 30 ዓመት ሳስተምር የጠየቀኝ ተማሪ በጣት ይቆጠራል።

ስኳር የሟሟበት ውሃም ብርሃንን ያዞራል። ግን ያንን ብርሃን በመጣበት ብትመልሺው ይፈታል። ስኳሩ እንደ ብሎን ነው። ብሎንን ከጫፉም እዪው ከራሱ በኩል፣ ጥርሱ የሚጠማዘዝበት ወገን አይለወጥም። ስለዚህ ሲሄድ ወደ ቀኙ የዞረ፣ ሲመለስም ወደ ራሱ ቀኝ ይዞራል፤ ፊቱን ስላዞረ ግን ያ የቀድሞው ግራ ነው። ተጣፋ።

ማግኔቱ ደግሞ እንደ እንዝርት ነው። የሚሽከረከር እንዝርት ከላይ ሲያዩት ወደ ቀኝ ከሆነ፣ ከታች ሲያዩት ወደ ግራ ነው። ለእንዝርቱ ግን ማን ከየት አየኝ ጉዳዩ አይደለም፣ ሽክርክሪቱ አንድ ነው። ብርሃኑ ቢሄድም ቢመለስም ወደዚያው ያዞረዋል። ስለዚህ ይደመራል።

የእናቶቻችንን እንዝርት ያላየ ትውልድ ይህን በምን እንደሚረዳው አላውቅም። የመኪና ጎማ በሉ እንግዲህ።

—

ቶማስ ካላየሁ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡00

ደነገጥኩ፣ ገባኝ። እና መስኮቷ ላይ ማግኔት እንገጥምላት?

—

ናኖ ተማሪ፣ ከጀርመን — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

ችግሩ እሱ ነው። ለሚታይ ብርሃን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ክሪስታል ቲጂጂ ይባላል፤ ተርቢየም ያለበት ጋርኔት ነው። ለቀይ ሌዘር፣ በ1 ቴስላ የማግኔት ኃይል፣ 45 ዲግሪ ለማዞር ወደ 6 ሚሊሜትር ርዝመት ይፈልጋል። 1 ቴስላ ቀላል ማግኔት አይደለም፤ መስኮቷ ላይ ብንገጥምላት የኩሽና ቢላዋ ሁሉ እየበረረ ይሄዳል። በዚያ ላይ ክሪስታሉን ወደ ግማሽ ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) ብታሳንሰው መዞሩ ከሚፈለገው ከ10,000 አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ማግኔት ርዝመት ይወዳል። ናኖ ደግሞ ርዝመት የለውም።

ስለዚህ ሰው ሌላ በር ፈለገ። ከማግኔት ውጭ ሁለት የታወቁ በሮች አሉ። አንደኛው ዕቃውን በጊዜ ውስጥ ማንቀሳቀስ ነው። ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ ብትጮህ ድምፅህ ወደ ነፋሱ መሄጃ ይሻላል፣ እንደዚያ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2014 ቴክሳስ ላይ ቀለበት ውስጥ በትንንሽ ፋኖች አየር እያዞሩ ድምፅን ባለ አንድ መንገድ አድርገውታል። የኮምፒዩተር ፋን! እኔ ወደዚህ ትምህርት የገባሁት በዚያ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለብርሃን ግን ነፋሱ የዕቃውን ጠባይ በፍጥነት በኤሌክትሪክ መለዋወጥ ነው፣ ብዙ ሽቦ ይፈልጋል።

ሁለተኛው በር ብርሃኑ ራሱ ዕቃውን እንዲለውጠው ማድረግ ነው። እህታችን ያነበበችው ዜና ከዚህ ወገን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልትና ሌሎችም ያሉበት ቡድን አንድ ገጽ ሠራ። ሲሊከን ላይ ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ የተደረበባቸው ጥቃቅን ምሰሶዎች ናቸው፣ በረድፍ እንደ ተተከለ ችግኝ። ውፍረቱ ግማሽ ማይክሮን ገደማ ነው። የሰው ፀጉር 100 ጊዜና ከዚያ በላይ ይበልጠዋል።

ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ ገራሚ ዕቃ ነው። ከ68 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ብረት አይመስልም፤ ሲያልፍ ድንገት እንደ ብረት ይሆናል፣ ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚያሳልፍበት መጠንም ይለወጣል። አሁን ምሰሶው ፊትና ጀርባው አንድ አይደለም። ብርሃኑ ከአንዱ ወገን ሲመጣ እዚያ ንብርብር ላይ በኃይል ይከማቻል፣ ያሞቀዋል፣ ይለውጠዋል። ከሌላው ወገን ሲመጣ ያን ያህል አይነካውም። ስለዚህ ያው ብርሃን፣ ያው ኃይል፣ ከሁለቱ ወገን የተለያየ መጠን ያልፋል። ማግኔት የለ፣ ሽቦ የለ። የሚሠራው ለዓይን በማይታየው፣ ፋይበር ጎታች በሚያውቀው 1.5 ማይክሮን አካባቢ ነው።

—

ምድር ቤት ነዋሪ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

እና ለመስኮቴ?

—

ናኖ ተማሪ፣ ከጀርመን — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡58

እህቴ፣ ይቅርታ። እንዲቀሰቀስ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 150 ዋት ብርሃን ይፈልጋል። በዚህ ሙያ ይህ ትንሽ ነው፣ ያስደሰታቸውም እሱ ነው። የቀትር ፀሐይ ግን በካሬ ሴንቲሜትር 0.1 ዋት ገደማ ነው። 1,500 ፀሐይ መስኮትሽ ላይ መደርደር አለብን። ያኔ የሚያይሽ ሰው አይኖርም፣ አንቺም አትኖሪም።

—

ቶማስ ካላየሁ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ስሜን አልዘነጋሁትም። «ባለ አንድ መንገድ ሠራን» ያሉ ሁሉ እውነታቸውን ነው?

—

ናኖ ተማሪ፣ ከጀርመን — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

አይደለም፣ ተጋጭተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት ላይ አንድ ቡድን በሲሊከን ቺፕ፣ ያለ ማግኔት፣ ባለ አንድ መንገድ የሚመስል ነገር አወጣ። ዓለም ጮቤ ረገጠ። በ2012 ሌሎች መልስ ጻፉ፦ ይህ የበር ቀዳዳው ዓይነት ነው፤ የብርሃኑን ቅርጽ ይቀያይራል እንጂ መንገዱን አይዘጋም፤ የወጣውን ብርሃን በዚያው ቅርጹ መልሳችሁ ብትልኩት ያልፋል። ሠሪዎቹም አይሶሌተር አለመሆኑን ተቀበሉ። በቀጣዩ ዓመት ብዙ ተመራማሪዎች ተሰብስበው «አይሶሌተር ምንድነው፣ ምንስ አይደለም» የሚል ጽሑፍ እስከማውጣት ደረሱ። ቤተ ሙከራችን ውስጥ አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ንባብ ነው።

የቫናዲየሙ ዓይነትም ጉድለት አለው። ከስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሥራ እንዳሳየው፣ በራሱ በብርሃኑ ኃይል የሚሠራ ነገር ሁሉ አንድ ወጥመድ አለበት። ብርቱው ብርሃን በሚያልፍበት ቅጽበት፣ ከወዲያ በኩል ደካማ ብርሃን ቢመጣ፣ እሱም ሾልኮ ያልፋል። በሩን የከፈተው ብርቱው ስለሆነ፣ ደካማው የተከፈተ በር ነው የሚያገኘው። የፋይበር ጎታች ሌዘር ላይ ደግሞ የሚመለሰው ብርሃን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ደካማ፣ ከዋናው ጋር በአንድ ጊዜ የሚመጣ። ስለዚህ ማግኔቱን በዚህ ተክተን ልንጥለው አንችልም። በብልጭታ ለሚሠራ ሌዘር፣ ወይም ኃይለኛ ብርሃን ተመልሶ ስስ መሣሪያ እንዳያቃጥል ለመጠበቅ ግን ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

—

መስታወት ገጣሚው — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሌላ ነገር ታየኝ። እንዲህ ያለው መስታወት አንድ ቀን ከመጣ፣ የፀሐይ ሙቀት እንዲገባ አድርጎ እንዳይወጣ ቢደረግ ደብረ ብርሃን ላይ ማሞቂያ የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው። አይደለም እንዴ?

—

ጡረተኛው መምህር — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡45

የምትለውን ግማሹን ተራ መስታወትም ያደርገዋል። የሚታየውን የፀሐይ ብርሃን ያስገባል፣ ከግድግዳህ የሚወጣውን ረጅም ሞገድ ሙቀት ያግዳል። ግን ያ የሚለየው በቀለም ነው፣ በአቅጣጫ አይደለም።

የአንተ ሐሳብ ከዚያ ያልፋል። ሁለት ክፍል አስብ፣ እኩል የሞቁ። በመሃላቸው ሙቀት ወደ አንዱ ብቻ የሚያሳልፍ መስኮት። አንዱ ያለ ምንም ወጪ እየጋለ፣ ሌላው እየበረደ ይሄዳል። በዚያ ልዩነት ሞተር ማንቀሳቀስ ትችላለህ። ነጻ ጉልበት! ተፈጥሮ ይህን ዱቤ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ራሌይም ነገሩ አሳስቦት በ1901 ተመልሶበታል። መልሱ የታገደው ብርሃን የት ይገባል የሚለው ላይ ነው። አይጠፋም። የአይሶሌተሩ አጥር ወደ ጎን ይወረውረዋል፣ ወይም ይውጠውና ራሱ ይሞቃል። የሞቀ አጥር ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ይረጫል። ጎን ለጎን ያመለጠውን በመስታወት ልመልሰው ብትል፣ ዞሮ ዞሮ ወደ መጣበት ክፍል የሚገባበትን መንገድ ያገኛል። ሒሳቡ ይዘጋል።

ልጄ፣ የደብረ ብርሃኑን ማሞቂያ አትሽጠው።

—

ፋይበር ጎታች — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ስንት ዓመት ቀስቱን አይቼ ስገጥም ውስጡ እንዝርት እንዳለ አላወቅኩም። ዛሬ አንድ የተበላሸ አገኛለሁ፣ ፈትቼ አየዋለሁ።

—

ናኖ ተማሪ፣ ከጀርመን — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡34

ማግኔቱ ትንሽ ቢሆንም ብርቱ ነው። ከእጅ ሰዓትህ አርቀው።

—

ምድር ቤት ነዋሪ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡15

ለማወቅ ለምትፈልጉ፦ የጋሼን ቁጥር ይዤ ሞከርኩ። ከመስኮቱ በላይ ውጭ አምፖል ሰቀልኩ፣ ውስጡን በትንሽ መብራት አደበዘዝኩት። የጎረቤቴን ልጅ ውጭ አቁሜ ደነስኩ። «አትታዪኝም፣ ራሴን ነው የማየው» አለች። ተሳክቷል!

ከዚያ መብራት ጠፋ። የውጩም የውስጡም። ሻማ ለኮስኩ። መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ፣ እኔ ሻማ ይዤ መሃል ላይ። ልጅቷ ከውጭ ሆና አጨበጨበች።

መጋረጃ ልገዛ ነው። ስስ ሳይሆን ወፍራሙን።